ሁለተኛዋ ካዝና

ዴንቨር፣ ግሪን ቫሊ ራንች
ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ አያልነሽ ይርጋ፤

ጤናዎ፣ ቤትዎ፣ ደጅዎ እንዴት ከረመ? እኛ የጊዮርጊስ ስሙ ይክበርና ከብርዱና ከቤቱ ዕዳ በቀር የሚያማርረን የለም። ደምበጫ ስልክ ከጠፋ ወዲህ ድምፅዎን ስላልሰማሁ ይህን ወደ አዲስ አበባ በምትሄድ የማኅበራችን ሴት እጅ ላክሁ። ከዚያ ወዲያ አውቶቡስና እግዜር ያውቃሉ።

ወንድምዎ አለምሰገድ ደኅና ነው። ደኅና ነው ስል በእግሩ ይሄዳል ማለቴ ነው። ባለፈው ወር በመኪናው ሰው ሲያመላልስ ሁለት ጎረምሶች ተሳፈሩና ከኋላ ማጅራቱ ላይ ሽጉጥ ደገኑበት። መኪናውን ሰጥቶ መውረድ ሲገባው አንዱን አንገቱን አንቆ በመስኮት ጎትቶ አወጣው። ፖሊስ ሲደርስ ልጁ ጥርሱ አስፋልት ላይ ተበትኖ፣ አለምሰገድ ገና እየረገጠው ነበር። እሱም ከግንባሩ እስከ ጆሮው ተሰፍቷል። «ለምን አትተዋቸውም ነበር?» ብዬ ብጠይቀው «ከኋላ የሚመጣ ሰው አልወድም» አለኝ። እርስዎ ቢመክሩት ይሻላል፤ የኔን ምክር እንደ ሬዲዮ ማስታወቂያ ነው የሚሰማው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። እኔ የድሮ የጀርመን ፖሊስ ሽጉጥ እሰበስባለሁ። ሚስቴ «ሰው ወርቅ ይገዛል፣ አንተ ዝገት ትገዛለህ» ትለኛለች። ደስታዬ መተኮሱ አይደለም፣ ማንበቡ ነው። የጀርመን ፖሊስ ለእያንዳንዷ ሽጉጥ እጀታዋ ላይ የከተማውን፣ የክፍሉንና የተራዋን ምልክት ይመታባት ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ አሞራ ይጨመርባታል። የማን ወገብ ላይ እንደዋለች፣ በየትኛው ክፉ ዘመን እንዳለፈች ከብረቷ ላይ ይነበባል። እያንዳንዷ ሁለት የጥይት ካዝና አላት፤ በሁለቱም ሥር የሽጉጧ ቁጥር ይመታል፣ ከጎኑም 1 እና 2 ይባላል። እንደኔ ላለ ሰው አንዷን ሽጉጥ ከሁለት ካዝናዎቿ ጋር ማግኘት ማለት ሎተሪ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ መሣሪያ የሚሸጥበት ትልቅ አዳራሽ ገብቼ ሉገር የምትባል አንዲት የጀርመን ሽጉጥ አግኝቼ ገዛሁ። ከአገራችን መጋዘን በጅምላ ተገዝተው ከመጡ አሮጌ መሣሪያዎች አንዷ ናት። የጀርመኗ ከተማ ምልክት አለ፤ አሞራው አለ፤ ከሥሩስ ምን አየሁ መሰለዎት? «ፖ» የምትል የኛ ፊደል፣ ፖሊስ ለማለት! ቁጥሯ 4417 ነው። አብራት ያለችው ካዝና አንድ ቁጥር ናት፤ ሁለት ቁጥሯ የለችም። አባትዎ ሻምበል ይርጋ የደብረ ማርቆስ ፖሊስ ስለነበሩ፣ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለች ሽጉጥ ይታጠቁ እንደሆን የሚያስታውሱት ካለ ይጻፉልኝ።

የስኳር መድኃኒትዎን ልኬያለሁ። እንዳያቋርጡ።

ታናሽ ወንድምዎ፣ የአክስትዎ ልጅ በዛብህ


ደምበጫ
ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለበዛብህ፤

እንዳሰብከኝ አምላክ ያስብህ፤ ልጆችህን ያሳድግልህ። ደብዳቤህ ከገባችልኝ ገና ሳምንቷ ነው። ሴትዮዋን አትውቀስ፤ ጥፋቱ የመንገዱ ነው። መድኃኒቱ ደርሷል፤ ግማሹን ለጎረቤት አካፈልሁ። ሌላ ከተገኘ ላክ፤ ለመነጽርም ካለህ አስብበት፤ የኔው ተሰብሯል።

እዚህ ተኩስ እንደ ዝናብ ሆኗል፤ ሲያባራ ወጥተን ሲጀምር እንገባለን። ከትናንት በስቲያ ባለ ሱቋ ጎረቤቴ እህል ልታስፈጭ ሄዳ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ጥይት አገኛት። ማን እንደተኮሰ አይታወቅም። የወፍጮውን ሳንቲም እንደጨበጠች ቀበርናት፤ ጣቷ አልከፈት አለን።

አንተ ደግሞ ሰው ከዚህ ብረት ሲሸሽ ገንዘብህን አውጥተህ ትሰበስባለህ። እናትህ ብትሰማ ምን ትል ነበር? ግን ካዝና ያልከውን ሳነብ ተነሥቼ ወደ ሣጥኔ ሄድኩ። አባታችን በሞተበት ቀን ጠዋት «ይህ ሁሉ ብረት ወገቤን ቆረጠኝ» ብሎ አንዷን ካዝና ጠረጴዛ ላይ ትቷት ነበር የወጣው። እናቴ ለማንም ሳታሳይ አኖረቻት፤ እኔም እንደዚያው። ከሱ የቀረችን ዕቃ እሷ ናት፤ ሽጉጧማ ሄደች።

ሥሯን በላምባ ጠርጌ፣ ወረቀት አኑሬባት በእርሳስ ፈገፈግሁበት። የሆነ ቁጥር ወጥቷል። በተሰበረ መነጽር ማንበብ አልቻልኩምና ወረቀቱን አብሬ ልኬዋለሁ፤ አንብበህ ንገረኝ።

አለምሰገድን እኔ ብመክረውም አይሰማም። እሱ ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ እንቅልፍ የለውም።

እህትህ አያልነሽ


ዴንቨር፣ ግሪን ቫሊ ራንች
የካቲት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ አያልነሽ፤

የደምበጫው ሚካኤል ከተኩስ ይጋርድዎት። ስለ ጎረቤትዎ ያነበብሁትን ለሚስቴ ስነግራት አለቀሰች።

ወረቀቱን ግን ስከፍት ጮህኩ! ጎረቤት ምን ሆነ ብሎ በር መታ። 4417፤ ከጎኑም 2! እትዬ፣ ከጀርመን ወጥታ በሦስት አህጉር የተንከራተተችው ሽጉጥ መንትያ ካዝናዋ እርስዎ ሣጥን ውስጥ ኖራለች! ይህን ያህል ዓመት ስሰበስብ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። ሽጉጧ የአባትዎ ናት ማለት ነው። እዚህ እኔ ቤት፣ ግድግዳዬ ላይ፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ!

ገና ሌላ ጉድ አለ። ባለፈው እሑድ የማኅበር ተራዬ ነበር። ከመጡት አንዱ ጋሽ ታደሰ ናቸው፤ ጡረታ እስኪወጡ ኤርፖርት ፓርኪንግ የሠሩ፣ ቻምበርስ ሮድ ከልጃቸው ከሔቨን ጋር የሚኖሩ፣ የግራ ጆሮአቸው ጫፍ የሌለ፣ ዝም ያሉ ሽማግሌ። ጠበል ጠዲቁን ቀማምሰው ሽጉጦቼን በየተራ ሲያዩ ቆዩና ያቺ ፊት ደርሰው ቆሙ።

«አውርዳት እስቲ» አሉኝ። አወረድኩላቸው። ቁጥሯን ለማየት ሳይገለብጧት፣ ዓይናቸውን ጨፍነው «አርባ አራት አሥራ ሰባት» አሉ። «ይቺ የኔ ናት፤ ደብረ ማርቆስ ወገቤ ላይ ነበረች። እኔን ብላ መጣች!» ብለው ሳሟት፤ እንባቸውም መጣ። እኔ ገና ልጠይቃቸው ስል ሔቨን «ዳዲ፣ ሌትስ ጎ፣ ነገ ሥራ አለኝ» ብላ ካፖርታቸውን አለበሰቻቸው።

ሳስበው አባትዎ ሲያርፉ ለሳቸው ተሰጥታ ይሆናል፤ የመንግሥት ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ ነው። ሁለት ባለቤቶቿን በአንድ ወር ማወቅ ዕድል አይደለም?

መነጽሩንና መድኃኒቱን ይዛ የምትመጣ ሰው አግኝቻለሁ። ካዝናዋን በምንም መንገድ ቢልኩልኝ ውለታዎን አልረሳም።

በዛብህ


ደምበጫ
ሚያዝያ 7 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለበዛብህ፤

ጾሙን አስፈጽሞ ለብርሃነ ትንሣኤው ያድርስህ። መነጽሩ ደርሶኛል፤ ደብዳቤህን በደንብ አነበብኩት። ብዕር ሳነሣና ሳስቀምጥ ከረምሁ።

አባታችን እንዴት እንደሞተ እናትህ የነገረችህ ይኖራል፤ ያልነገረችህም አለ። ጥር 1970፣ የገበያ ቀን፣ ቀትር ነው። አባቴ ለምሳ ሲመጣ አለምሰገድ እየሮጠ ሄዶ ጣቱን ይይዛል። እኔ በር ላይ ቆሜ አያቸዋለሁ። ካፖርት የለበሰ ሰው ከኋላቸው ፈጠን ብሎ መጣ፤ ሰላም ሊላቸው ነው ብዬ ነበር። ማጅራቱን በጥይት መታው። አባቴ ወድቆም አልሞተም፤ በክርኑ እየዳኸ ልጁን ከሥሩ ሊያስገባ ሞከረ። ሰውዬው በእግሩ ገለበጠው። ሽጉጡን ከወገቡ ፈትቶ፣ በአባቴ በራሱ ሽጉጥ ፊቱ ላይ ሁለቴ ተኮሰበት። ኮሌታውን ቀና አድርጎ ነበርና መልኩን አላየሁትም። ልጁን ስንጎትተው የአባቴን ጣት አልለቅም ብሎ ሬሳው አብሮ ተንፏቀቀ።

ሬሳው ሁለት ቀን ሜዳ ላይ ዋለ። ያነሣ ይገደላል ተብሎ ሰው በዚያ ማለፍ ተወ። በሦስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ አንድ ፖሊስ በጀርባው አዝሎ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ አመጣልን። እናቴ ስሙን ብትጠይቀው «ስሜ ምን ያደርግልሻል? ቶሎ ቅበሩት» ብሎ ፊቱን ሸፍኖ ሄደ። እሱን ሳላመሰግን መሞቴ ይቆጨኛል።

ያቺ ሽጉጥ ግን ወደ ፖሊስ ጣቢያ አልተመለሰችም። የመንግሥት ዕቃ አምጪ እያሉ እናቴን የውስጥ እግሯ እስኪላጥ ገርፈዋታል። አንተ ለሌላ ሰው ተሰጥታ ይሆናል ብለሃል። ይሁን። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ።

መድኃኒት ከእንግዲህ አትላክልኝ። ካዝናዋም ኬላ ላይ ፍተሻ ስላለ አትላክም። ይልቅ ንገረኝ፤ የእኒያ ሽማግሌ ጤና እንዴት ነው? ያለ ሰው ይራመዳሉ? ከቅዳሴ በኋላስ የት ይውላሉ? ዕድሜ ይስጣቸው።

ይህን ለምታመጣልህ ልጅ አንድ ጋቢ አስይዣታለሁ። እንደታሰረ ለአለምሰገድ ስጠው። «የአባትህ ነው» በለው፤ ሌላ ቃል አትጨምርበት።

አያልነሽ


ዴንቨር፣ ግሪን ቫሊ ራንች
ግንቦት 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ አያልነሽ፤

እግዚአብሔር ልብዎን ያጽናናልን። ያንን ሁሉ ችለው እንዴት እንደኖሩ እኔ አላውቅም።

ጋሽ ታደሰን ስለ አባትዎ ሊጠይቋቸው የፈለጉ መስሎኝ የጠየቁኝን ሁሉ ልጽፍልዎት ቁጭ ብዬ፣ ለአለምሰገድም የሽጉጧንና የጋሽ ታደሰን ነገር፣ የሚውሉበትን ሳይቀር አወራሁለት። ጤነኛ ናቸው፤ በዱላ ይራመዳሉ። ከቅዳሴ በኋላ ቻምበርስ ሮድ ያለው የሐበሻ ሱቅ በር ላይ፣ ፀሐይ ላይ፣ ሔቨን ዕቃ እስክትገዛ ይቀመጣሉ።

ጋቢውን ሰጠሁት። «የአባትህ ነው» አልኩት፣ እንዳዘዙኝ። ቋጠሮውን ፈታ። መሐሉ ላይ የደረቀ ቡናማ ነገር አየሁና ልጅቷ ከያዘችው በርበሬ ጋር መጥቶ የቆሸሸ መሰለኝ፤ «አምጣ ላንድሪ ላስገባልህ» ብዬ እጄን ስዘረጋ በጥፊ መታኝ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ በልጆቼ ፊት በጥፊ መታኝ። ከዚያ ጋቢውን አፉ ላይ አደረገ። «አሳየኝ» አለ። ሽጉጧን አወረድኩለት። ስንቀበለው ጣቱን ከእጀታዋ ለማላቀቅ እኔና ሚስቴ ሁለት ሆነን ታገልነው።

ትናንት ደብዳቤዎን እንደገና አነበብሁት፤ አሁን ነው የገባኝ። ምን ዓይነት ደንቆሮ ነኝ! የብረት ጽሑፍ አነባለሁ እያልኩ የሰው ጽሑፍ ማንበብ አቃተኝ። እትዬ፣ በጋቢው ምን ላኩበት?

ጋሽ ታደሰን ራሴ ልጠይቃቸው ሁለት ጊዜ ሄድኩ። ሔቨን ሻይ አቀረበችልኝ፤ እሳቸው «ሽጉጤን ደኅና ያዝክልኝ?» ብለው ሳቁ። አባት የሆነን ሰው፣ ቤቱ ተቀምጦ፣ ሻዩን እየጠጡ «ሰው ገድለሃል ወይ?» ብሎ መጠየቅ እንዴት ይቻላል? አፌ ተያዘ። ሁለቱንም ጊዜ ስለ በረዶው አውርቼ ተመለስኩ። በሦስተኛው እጠይቃለሁ። እስከዚያ በልጆችዎ፣ በሚካኤል ይሁንብዎ፣ ለአለምሰገድ «ተው» የሚል አንድ ቃል ይላኩልኝ። ከእርስዎ በቀር የሚሰማው የለም።

በዛብህ


ዴንቨር፣ ግሪን ቫሊ ራንች
ሰኔ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

እትዬ አያልነሽ፤

መልስዎ ሳይደርሰኝ ነው የምጽፈው። በምን ሰላምታ እንደምጀምር አላውቅም።

እሑድ ዕለት ከቅዳሴ ስወጣ ሚስቴ ደወለች፤ «አለምሰገድ ቤት መጥቶ መስታወቱን በክርኑ ሰበረው፤ ያቺንና መሳቢያው ውስጥ የነበረውን ጥይቷን ይዞ ወጣ» አለችኝ። የት እንደሄደ ጠፍቶኝ አልነበረም፤ ቦታውን የነገርሁት እኔ ነኝ። ቻምበርስ ሮድ ስደርስ ሱቁ ፓርኪንግ ላይ ቆሟል። በዚያ ሙቀት ጋቢውን ለብሷል፤ ደሙ በደረቱ በኩል ነው። እጁ ከመስታወቱ ደም ያንጠባጥባል። ጋሽ ታደሰ ወንበራቸው ላይ ናቸው።

«ይቺን ታውቃታለህ?» አላቸው።

«እንዴት አላውቃት፣ ልጄ? የኔ ናት እኮ።»

«እኔ የሻምበል ይርጋ ልጅ ነኝ።»

እኔ ሲደነግጡ አያለሁ ብዬ ነበር። ዱላቸውን ጣሉ። ፊታቸው ፈካ፤ «የይርጋ? ያ ትንሹ? ያ ጣቱን ይዞ የነበረው?» ብለው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ወደ እሱ መጡ። «ተው አለምሰገድ!» ብዬ ጮህኩ። «አትንካኝ!» ብሎ ቃታዋን ሳበ፤ ከሸፈች። ሽማግሌው ግን አልቆሙም። እጃቸውን እንደ ዘረጉ ደረሱበት፤ አንድ እጃቸው ትከሻው ላይ አርፏል። እንደገና ሲስብ ደረታቸውን መታቸው። ወድቀውም የጋቢውን ጫፍ ይዘው ነበር። ፊታቸው ላይ ሁለቴ ጨመረባቸው። ጥይቱ ሲያልቅ በእጀታዋ ወቀጣቸው፣ የእጀታዋ እንጨት ተሰንጥቆ እስኪበር። ሔቨን በሁለት እጇ ዕቃ ይዛ ከሱቁ ወጣች። «ዳዲ» አለች፤ አንዴ ብቻ። እኔ ዘልዬ አልያዝኩትም።

ፖሊሶች ሲመጡ መሣሪያዋን አስቀምጦ፣ እጁን ራሱ ላይ አድርጎ ተንበርክኮ ጠበቃቸው። ሲያስሩት በአማርኛ «ለእህቴ ጻፍላት፤ ደሙ ተመልሷል በላት» አለኝ። ይኸው ጻፍኩ። ጠበቃው ከእንግዲህ በሕይወቱ ከእስር ቤት አይወጣም ብሎኛል።

ሽጉጦቼን ሁሉ ለፖሊስ ሰጥቻለሁ፤ ዳግመኛ ብረት አልነካም። ግን እትዬ፣ ያ የተዘረጋው እጅ እንቅልፍ ነሥቶኛል። የሰው አባት የገደለ ሰው ልጁን ሲያይ እንዲያ ይፈካል? እርስዎ የሚያውቁት ካለ ይንገሩኝ።

በዛብህ


ደምበጫ
ሰኔ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ፣ ለዓይኔ ብርሃን ለበዛብህ፤

እልል በል! ሰላምታውን በኋላ አደርሳለሁ። የግንቦቷ ደብዳቤህ ትናንት ገባችልኝ።

በጋቢው ምን ላክሽ ብለህ ጠይቀኸኛል። ደም ነው የላክሁት። እናቴ ሬሳው ላይ የጣለችው ጋቢ ነው፤ ሳይታጠብ የኖረ። ስትሞት «ገዳዩ የታወቀ ቀን ለወንዱ ልጅ ስጪው» ብላ አስረከበችኝ። በኛ አገር ይህ ከደረሰህ ሌላ ቃል አያስፈልግም። የጻፍህልኝን አንብቤ ገዳዩ ታወቀ አልሁና ላክሁት። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

አሁን ስማኝ። አስር አለቃ መሠረት የሚባል ከአባቴ ጋር የሠራ ሽማግሌ አለ። ቤቱ ተቃጥሎበት በዚህ ሳምንት እኛ ሰፈር ልጁ ጋ ተጠጋ። ልጠይቀው ሄጄ ካዝናዋን አሳየሁት፤ የቁጥሩን ነገር፣ ገዳዩ በዚህ ተገኘ ብዬ ነገርሁት። ሰውዬው ሳቀብኝ። በሳቁ ላንቀው ምንም አልቀረኝም።

«ልጄ፣ በየዓርቡ መሣሪያ ይጸዳ ነበር» አለኝ። «የሁላችንም ካዝና አንድ ሳፋ ነጭ ጋዝ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ሲጸዳ የደረሰህን ታነሣለህ፣ ጥይትህን ሞልተህ ትሄዳለህ። ከገጠመ ማን ቁጥር ያያል? ጀርመን ቁጥር መታበት፣ እኛ ሳፋ ውስጥ ቀላቀልነው። እኔ ራሴ የራሴን ካዝና ይዤ አላውቅም። አባትሽ ትቶት የሄደው የሌላ ሰው ካዝና ነው።»

«አርባ አራት አሥራ ሰባት የማን ነበረች?» አልሁት። ቁጥሩን አያስታውስም። «ታደሰ የሚባል ነበር?» አልሁት።

«ጆሮው ጫፍ የሌለው? የይርጋ ጓደኛ ነው እንጂ! ሬሳውን በጀርባው ያነሣውስ እሱ አይደለም እንዴ? በዚያው ጠዋት መሣሪያውን ዕቃ ቤት አስረክቦ ጠፋ፤ በሱዳን ወጣ ሲባል ሰማን። እናንተ አታውቁም ነበር?»

በዛብህ፣ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ ግን ላፈስ ስል አምላክ እጄን ያዘኝ። አንተም አፍህ መያዙ፣ ሻዩን ጠጥተህ መመለስህ የሱ ሥራ ነው። እኒያን ደግ ሰው «ገድለሃል ወይ» ብለህ ብታሳዝናቸው ኖሮ በምን ዓይናችን እናያቸው ነበር?

አሁን ይህን ለአለምሰገድ ሳታድር አንብብለት። «እህትህ ተው ብላሃለች» በለው፤ ይሰማሃል። ጋቢውን ተቀበለውና ያልኸው ማጠቢያ ውስጥ አስገባው፤ በብዙ ሳሙና ይታጠብ። ከዚያ ይዘኸው ሂድና የጋሽ ታደሰን ጉልበት ይሳም። አባታችንን የተሸከመውን ጀርባቸውንም ይሳም። የታጠበውን ጋቢ በኔ ስም ያልብሳቸው።

ካዝናዋ የሳቸው ናት። በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጬላቸዋለሁ፤ መንገዱ ሲከፈት መጥተው ከእጄ ይውሰዷት።

ዛሬ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ስማቸውን አስጠራሁላቸው፣ ከሕያዋኑ ጋር። ቄሱ «የክርስትና ስማቸው ማን ነው?» ቢሉኝ አላውቅም አልኳቸው። እባክህ ጠይቃቸውና ጻፍልኝ።

እህትህ አያልነሽ